አንዳንዶች የተፈለጉበት ዓመት

እኔ በኖርኩበት አገር ጋዜጣ የሚነበበው በጆሮ ነበር። ፊደል የቆጠረው ጥቂት፣ ወሬ የሚወደው ግን ብዙ ስለነበረ፣ የከተማችን የወሬ ሹም በገበያው መካከል የድንጋይ መቆሚያ አሠርቶ እኔን አንባቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ሐሙስ ሐሙስ የጭነት መኪናው ከዋናው ከተማ ጋዜጣውን ይዞ ይመጣል። እኔ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ከራስጌው እስከ ግርጌው አነባለሁ፤ ገበያተኛው ቃሪያውንና ጨውን እየሸጠ ያዳምጣል። ጋዜጣው ስም አልነበረውም። በአገሩ ውስጥ ሌላ ጋዜጣ ስላልነበረ ስም አላስፈለገውም፤ «ጋዜጣው» ነበር የሚባለው።

የእኔ ስም ቢያድግልኝ ነው። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ነው ሥራውን ያገኘሁት እንጂ ሌላ የተለየ ችሎታ አልነበረኝም።

ዘመኑ መንገድ የሚቀደድበት፣ ቧንቧ የሚዘረጋበት፣ ሪባን የሚቆረጥበት ዘመን ነበር። ጋዜጣው ለዚህ ሁሉ የሚሆኑ ቃላት ነበሩት። «ሰፊው ሕዝብ» ካለ ደስ ያለው ሰው ማለቱ ነው። ሰፊው ሕዝብ ደስ ሳይለው የዋለበትን ሐሙስ አላስታውስም። ቅር ያለው ሰው ሲኖር ግን «አንዳንድ» ይባላል። አንዳንድ ሰዎች ግብር በዛ ይላሉ። አንዳንድ ሰዎች ያልገባቸውን ያወራሉ። አንዳንድ ሰዎች የተሠራላቸውን አያመሰግኑም። እነዚህ አንዳንዶች ሁልጊዜ ከእኛ ርቀው፣ ሌላ ከተማ የሚኖሩ ይመስለን ስለነበረ፣ ወሬያቸውን ስንሰማ እናዝንላቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ እኛም ከተማ ቧንቧ መጣ። ሪባን ተቆረጠ፤ በሬ ታረደ። ሕዝቡ ቧንቧውን ቶሎ እንዲለምድ ተብሎ፣ ከዋርካው ሥር የነበረው አሮጌው ምንጭ በብረት ክዳን ተከድኖ በመንግሥት ማኅተም ታሸገ። ቧንቧው ግን ወደ እኛ ሲመጣ የሚያልፈው በቆዳ ፋብሪካው ግርጌ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ቀላ፤ ቀጥሎ መረረ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉም ቀስ ብሎ ይናገረዋል። እናቶች ሕፃናትን አዝለው ክሊኒኩ ደጃፍ ይውላሉ። ሐኪሙም «ውኃ አብዝታችሁ ስጧቸው» ብሎ ይመልሳቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የተጎዳችው እኅቴ ትርንጎ ነበረች። ትርንጎ የእናቴ የበኵር ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ የምትኖረውም ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነው። ጠላዋን የሚያማ ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። በዚያ በጋ ግን ጋኑ በተከፈተ ቁጥር ጠላው ላዩ ነጭ ሠርቶ፣ ሽታው ተለውጦ ይገኛል። ደንበኞቿ አንድ ጊዜ ፉት ብለው አንኮላውን ያስቀምጡና «ትርንጎ፣ አረጀሽ መሰለኝ፤ እጅሽ ተበላሸ» ይሏታል።

«እጄ ምንም አልሆነም፤ ውኃው ነው» ትላለች እሷ፤ ድምጿንም አትቀንስም።

አንድ ሐሙስ ጋዜጣውን ዘርግቼ ማንበብ ስጀምር የከተማችንን ስም አየሁ። ደስ ብሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ የሚከተለውን አስቀድሜ አላየሁትም ነበር። «በዚህች ከተማ አንዳንድ ሰዎች የቧንቧው ውኃ መርሯል እያሉ ያወራሉ። ሰፊው ሕዝብ ግን ውኃውን በደስታ እየጠጣ ይገኛል።»

ከድንጋዩ ላይ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል። መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ማየት ጀመረ። ዳር የቆመው ሰው ዳር መቆሙ ያስጠረጥረኛል ብሎ ወደ መካከል ገባ። በዚህ የተነሣ መካከል የነበረው ዳር ሆነና እሱም ተመልሶ ወደ መካከል ገባ። አደባባዩ ምጣድ ላይ እንዳለ ገብስ ሲገላበጥ ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በከተማችን ረግቶ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ብቻውን የሚሄድ ሰው አንዳንድ እንዳይመስል ጓደኛ ይጠራል፤ ሦስት አራት ሆነው የሚሄዱት ደግሞ አንዳንዶች እንዳይመስሉ ይበተናሉ። እኔም ቁጭ ብዬ መብላት አቅቶኝ ጉርሻዬን ይዤ በቤቱ ውስጥ እዞር ነበር።

የወሬ ሹሙ አግደው ይባላሉ። የእሳቸው ሥራ ከሚወራው ውስጥ የትኛው ወሬ፣ የትኛው አሉባልታ እንደሆነ መለየት ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራቸው እንዳይጓደል የሚጨነቁ ሰው ነበሩ። በማግሥቱ ከበሮ አስመትተው «አንዳንዶች ቀርባችሁ ተመዝገቡ» ብለው አሳወጁ። ማንም አልቀረበም። አግደው ተጨነቁ፤ ምክንያቱም ጋዜጣው አንዳንዶች አሉ ካለ፣ አሉ ማለት ነው። የጠፉትም በእሳቸው ስንፍና ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የኔታ ምንውየለትን አስጠሩ። የኔታ ሰዋስው የሚያስተምሩ፣ ቃል ሲጣመም የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔም ጋዜጣውን ይዤ ቆሜ ነበር።

«የኔታ፣ አንዳንድ ማለት ስንት ነው?» አሏቸው አግደው።

የኔታም መልሰው ጠየቁ። «ለልጆቹ አንዳንድ ዳቦ ስጣቸው ብልህ ስንት ስንት ትሰጣቸዋለህ?»

«ለእያንዳንዱ አንድ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ያው ነው።»

አግደው ፊታቸው በራ። አንዳንድ ማለት ለእያንዳንዱ አንድ ከሆነ፣ በየቤቱ አንድ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ትእዛዙ በዚያው ቀን ወጣ፦ እያንዳንዱ ቤት ካሉት ሰዎች አንዱን፣ ውኃው መርሯል የሚለውን፣ ለይቶ ሐሙስ ወደ አደባባይ ያቅርብ። የኔታ የተናገሩት ለዚህ መዋሉን ሲሰሙ «እኔ ስለ ዳቦ ነው የተናገርኩት» አሉ። ግን ማንም አልሰማቸውም።

በየቤቱ ምርጫው እንዴት እንደተካሄደ ሁሉንም አላውቅም። አብዛኛው ቤት አማቱን ሰጠ። ገና የተጋቡ ባልና ሚስት «እኔ ልሂድ፣ እኔ ልሂድ» ተባብለው አለቀሱ። በሳምንቱ «አንተ ሂድ፣ አንቺ ሂጂ» ተባብለው ተኳረፉ። የእኔ ሚስት ውብዓለም አክስቷን ሰጠች። አክስቷ ከቤት ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው ስለነበረና ሰው ስለናፈቃቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ቤቶች ቀስ በቀስ ተራ አወጡ፤ ዛሬ አባት አንዳንድ ከሆነ በሚቀጥለው ሐሙስ ልጅ ይሆናል። የትርንጎ ቤት ግን ሰው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እሷ ተራ የላትም፤ በየሳምንቱ ትመጣለች።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። አንዳንዶች በአደባባዩ በስተግራ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከየቤቱ የቀሩት፣ ማለትም ሰፊው ሕዝብ፣ በስተቀኝ ይቆማሉ። ለአንዳንዶች በቆርቆሮ ኩባያ የቧንቧ ውኃ ይታደላል። እያንዳንዱ ጠጥቶ «ጣፋጭ ነው» ይላል። ሰፊው ሕዝብ ያጨበጭባል። ከዚያ እኔ አነባለሁ። ንባቡ ሳይጋመስ አንዱ ሆዱን ይዞ ይነሣል፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ሁሉም ወደ ወንዙ ዳር ይሮጣሉ። አግደው ይህን ያዩና «አንዳንዶች ስብሰባ ረግጠው ይወጣሉ» ብለው አስጽፈው ወደ ዋናው ከተማ ይልካሉ። ጋዜጣውም በሳምንቱ «አንዳንድ ሰዎች ስብሰባ ረግጠው ይወጣሉ» ብሎ ያትማል፤ እኔም ራሳቸው ሰዎቹ ሲወጡ እያየሁ አነበዋለሁ።

ትርንጎ ከሳች። ዓይኗ ጎደጎደ። ጎረቤቶቿ «በእሷ አፍ ነው ይህ ሁሉ የመጣብን» ብለው ደጇን መርገጥ ተዉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሄጄ ባዶ ጋኖቿ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እትዬ፣ እባክሽ ለትንሽ ጊዜ ዝም በይ» አልኳት።

«ዝም ብል ጠላው ይጣፍጣል?»

«አይጣፍጥም።»

«እንግዲያው ምን ያደርግልኛል?» አለችና ቀጥላ፣ «ስማ ቢያድግልኝ፤ ያ ጋዜጣው ያለው አንዳንድ እኔ ነኝ» አለችኝ። በበጋው መግቢያ ላይ ከጭነት መኪናው ጋር አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ቤቷ ገብቶ ጠላ ጠይቆ ነበር። ጥበቡ እባላለሁ ብሏታል። ጠላው ምን ሆኖ እንደዚህ ሆነ ሲላት ስለ ውኃው ነገረችው። ሰውየው ኩባያ ውኃ ቀድቶ ራሱ ቀመሰ፤ ፊቱን አጨማደደ፤ ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ። «እኔ ለአንድ ሰው ተናገርኩ። እሱ አንዳንድ ብሎ ጻፈው። ይኸው አገር ሙሉ ይታመማል። ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ልከለክላት አልቻልኩም፤ ተከትያት ሄድኩ። አግደው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጌታዬ፣ ያ አንዳንድ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹን ይልቀቁልኝ» አለች።

አግደው በትዕግሥት አዳመጧት። «ትርንጎ፣ አንዳንድ ብዙ ነው። አንቺ አንድ ነሽ። አንድ ሰው አንዳንድ ሊሆን አይችልም።»

«ለጋዜጠኛው የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አልተናገረም።»

«ካንቺ በቀር ውኃው መረረ ያለ ሰው የለም ነው የምትዪኝ?»

ትርንጎ አፏን ከፍታ ዝም አለች። የለም ብትል ውሸት ነው፤ አለ ብትል ጎረቤቶቿን አሳልፋ መስጠት ነው። አግደው ዝምታዋን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርስዎስ ጌታዬ፣ ውኃው እንዴት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«እኔን ሐኪም ውኃ ከልክሎኛል» አሉ አግደው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጇ ነጠላዋን ይቋጥራል፣ ይፈታል፤ ይቋጥራል፣ ይፈታል።

ዋናው ከተማ ግን በአግደው ሥራ ተደስቶ ነበር። አንዳንዶች ተለቅመው፣ ተለይተው፣ በአንድ ቦታ የተቀመጡባት ሌላ ከተማ አልነበረችም። ይህንን አይቶ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ተላከ። ሐሙስ ዕለት ከጭነት መኪናው ጋቢና ሲወርድ መነጽሩን አየሁና ማን እንደሆነ ገባኝ። ጥበቡ ነበር። ቀጭን፣ የሸሚዙ ኮሌታ የተበላ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ የማያርፍ ሰው ነው። አግደው ክንዱን ይዘው አደባባዩን ሲያሳዩት፣ በስተግራ የተቀመጡትን ሲያይ፣ ኩባያው ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ሲያይ፣ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ትርንጎ ተራዋ ደርሶ ጠጣች። እሱ እስኪያያት ድረስ ቀና ብላ አየችው።

ንባቡ እንዳለቀ ጥበቡ «ጠላ የሚሸጥበት ቤት አለ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ወሰድኩት። ትርንጎ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ነበር፤ ሲገባ ተነሥታ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ጉድ ሠራሁዎት» አላት ቆሞ።

«ተቀመጥ፤ ጠላ የለኝም።»

ተቀመጠ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። «እንዲያው እንዲረዱኝ ያህል ነው። ስምዎን ብጽፍ እርስዎ ይታሰራሉ። ሁሉም ይላሉ ብዬ ብጽፍ እኔ እታሰራለሁ። አንዳንድ ካልኩ ግን ማንም አይነካም፤ ወሬው ግን ያልፋል አልኩ። ውኃውን የሚያስተካክል ሰው አንብቦ ይነቃል ብዬ ነበር። ‹በደስታ እየጠጣ ነው› የሚለውን የጨመሩት ሌሎች ናቸው። እኛ ሁላችን እዚያ እንዲህ ነው የምንጽፈው። ብዙ ሰው በዚያ ቃል ደብቀናል።»

ከትርንጎ ቁጣ ስጠብቅ ቁጣ አላየሁባትም። «ልጄ፣ እኔን ልትሸሽገኝ ብለህ ነው፤ ገባኝ። ግን እኔን በሸሸግክበት ቃል ውስጥ ከተማውን በሙሉ ከተትከው።»

«ምን ላድርግ?»

«ስሜን ጻፍ። ትርንጎ የምትባል ጠላ ሻጭ ውኃው መርሯል አለች በል። እኔ የተናገርኩትን እኔ ልጠየቅበት።»

«ይጎዱዎታል።»

«አሁንስ?» አለች።

ጥበቡ ሲነሣ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሷ ቀድማ ራሱን ሳመችው። በዚያው መኪና ተመለሰ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ውኃው ገና እየታደለ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ጋዜጣውን ዘረጋሁ። ከፊተኛው ገጽ ግርጌ አጭር ጽሑፍ ነበር። በዓይኔ አስቀድሜ አነበብኩት። አንዳንድ የሚለው ቃል አልነበረበትም። ምናልባት ጋዜጣውን የሚመረምሩት ሰዎች ያንን ቃል ሲፈልጉ ኖረው፣ ቃሉ የሌለበትን ጽሑፍ ሳያዩት አልፈው ይሆናል፤ ይህን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አግደው ከፊቴ ቆመዋል። ሰፊው ሕዝብ በስተቀኝ፣ አንዳንዶች በስተግራ። እኅቴ ከፊት ረድፍ ናት። ጽሑፉን መዝለል እችል ነበር፤ እዚያ ካሉት ፊደል የሚያውቅ ቢኖር የኔታ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟል። ግን ትርንጎ ታየኛለች።

አነበብኩ። «ትርንጎ የምትባል ጠላ ሻጭ የቧንቧው ውኃ መርሯል ትላለች። እኔም ቀምሼዋለሁ። መራራ ነው። ጥበቡ።»

ኩባያ የያዘው ሰው ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያጨበጨበ የለም። አግደው ወደ እኔ መጥተው ጋዜጣውን ከእጄ ወሰዱ፤ አገላብጠው አዩት፤ የኔታን ጠርተው «እንዲህ ይላል?» አሏቸው። የኔታ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ «እንዲህ ይላል» አሉ።

የአግደው ችግር ከዚህ ጀመረ። ጋዜጣው የሚለው እውነት ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ነው የሠሩት። ጋዜጣው ውኃው ጣፋጭ ነው ባለ ጊዜ ጣፋጭ ነበር። አሁን ጋዜጣው መራራ ነው አለ። ስለዚህ መራራ ነው። በአደባባዩ ዞሩ፤ ተመልሰው መጡ፤ እንደገና ዞሩ። በመጨረሻ ከኩባያዎቹ አንዱን አንሥተው ጠጡ። ፊታቸው ሲለወጥ ሁላችንም አየን።

«መራራ ነው» አሉ፤ እንደ ገረመው ሰው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ አግደው ራሳቸው ወደ ዋርካው ሄደው የምንጩን ማኅተም በጉጠት ቆረጡ። ክዳኑ ዝጎ ስለነበረ ከግራም ከቀኝም ሰው ተረባርቦ ነው ያነሣው። በዚያ መካከል ማን አንዳንድ፣ ማን ሰፊ እንደነበረ የለየ የለም። ትርንጎ እንስራዋን ሞልታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁለት ጎረቤቶቿ ምንም ሳይናገሩ ብቅልና ጌሾ ይዘው ተከተሏት።

ጠላው ከመድረሱ በፊት ሌላ ሐሙስ መጣ። ጋዜጣው ሰፊው ሕዝብ በአሮጌው ምንጭ መከፈት መደሰቱን፣ ምንጩም የተከፈተው አስቀድሞ በወጣ ዕቅድ መሠረት መሆኑን ይናገራል። አነበብኩ፤ ሰዉ እየሳቀ ሰማ። ከሱ ሥር አንዲት መስመር ነበረች። «አንዳንድ የጋዜጣው ሠራተኞች በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀዋል።» እሱንም አነበብኩ። ሰው ቃሪያ መሸጡን ቀጠለ። ማንም ዘወር አላለም። ዘወር ያለችው ትርንጎ ብቻ ነበረች።

ወደ መኪናው ስትሄድ ደረስኩባት። ሹፌሩን «ጥበቡ የሚባል ሰው የት ነው?» እያለችው ነበር። ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ፣ «እማማ፣ ስም ባይጠሩ ይሻላል» አላት።

በበነጋታው ዳቦ ቆሎ ቆላች፤ በሶ በቅቤ አሸች፤ በክዳን ሳህን አድርጋ በነጠላዋ ቋጠረች።

«እትዬ፣ የት ብለሽ ታገኚዋለሽ? ከተማው ሰፊ ነው። ያለበትን የሚነግርሽ የለም» አልኳት።

«ስሙን አውቀዋለሁ» አለች። በሌላ መኪና ላይ ወጥታ ሄደች።

ቆየች። ጠላው ደርሶ ጎረቤቶቿ ቀዱላት፣ ሸጡላት። ስትመለስ ከመኪናው ስትወርድ እጇን ይዤ አወረድኳት፤ ሳህኑን ግን አላስነካችኝም። ቤት ደርሰን መደቡ ላይ ስትቀመጥ ነው የነገረችኝ። ወደ ጋዜጣው ቤት ሄዳ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም አሏት። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ አንዳንድ ሰዎች ተይዘዋል፣ ስም ግን አንናገርም አሏት። ከዚያ ሴቶች ስንቅ ይዘው የሚሰለፉበትን ትልቅ ግንብ አገኘች። እዚያ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ዘበኛው «ለማን ነው?» አላት። «ለጥበቡ» አለች። «ምኑ ነሽ?» አላት። «እናቱ ነኝ።» ዘበኛው ትንሽ አያትና ሳህኑን ተቀብሎ በትንሿ በር ገባ። ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሌሎች ሴቶች እህሉ እንደ ሄደ ሲመለስላቸው፣ ሰውዬሽ የለም ሲባሉ፣ ሲያለቅሱም አየች። እሷም ስትቆም ስትቀመጥ፣ ስትቆም ስትቀመጥ ቆየች።

ታሪኳን እዚህ ላይ አቆመችና ቋጠሮውን ፈታች። ሳህኑን አውጥታ ሰጠችኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። ባዶ ነበር፤ ታጥቦም ነበር።